«ይደውላሉ» ሰባት ጊዜ፦ የደንበኛን ብሪፍ ማንበብ እንዴት እንደተማርኩ

የግራፊክ ዲዛይን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የማሠልጠኛ ተቋም ኃላፊ ብሮሸር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ብሪፋቸው፣ ማለትም ምን እንድሠራላቸው እንደሚፈልጉ የጻፉልኝ ማብራሪያ፣ ግማሽ ገጽ ነበር፦ «ዘመናዊ፣ ንጹሕ፣ ዓይን የሚስብ፣ 14 ገጽ፣ ሎጎው ጎላ ብሎ፣ ከተቻለ በሰማያዊ።» ከጽሑፉ ጋር ስድስት ደቂቃ የሚሆን የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ዕቃ እያጠብኩ አንድ ጊዜ ሰማሁትና ተውኩት። ጽሑፉ እጄ ላይ እያለ ድምፁ ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሳየው አላፍርበትም፤ ፎቶዎቹ የተመረጡ፣ ክፍት ቦታው የተመጠነ፣ ፊደሉ ለማንበብ የማያስቸግር ነበር። ኃላፊዋ አገላብጠው አዩትና «ቆንጆ ነው» አሉ። ቀጥለው «ግን…» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ «ግን» ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እሳቸውም አላወቁትም። ሰማያዊውን አጠቆርኩት። «አሁንም የሆነ ነገር ይጎድለዋል።» የሽፋኑን ፎቶ ቀየርኩ። «ይሻላል፤ ግን…» በሦስተኛው ዙር እኔ እሳቸው የሚፈልጉትን የማያውቁ ሰው ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ እሳቸውም ስለ እኔ የተሻለ ነገር የሚያስቡ አይመስለኝም።

አራተኛውን ይዤ የሄድኩ ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እንግዳ መቀበያው ጋ ቁጭ ብዬ 40 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ ትዘጋለች፤ ገና ሳታስቀምጠው ደግሞ ይጮኻል። የምትመልሰው ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን፣ የማታ ክፍለ ጊዜ መኖሩን፣ ክፍያው በአንዴ ነው ወይስ በየወሩ የሚለውን።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት።

«እህቴ፣ ይሄማ ቀላሉ ቀን ነው። መልሱ እኮ አሮጌው ብሮሸር ላይ አለ፤ ገጽ ዘጠኝ ላይ። እዚያ ድረስ ማን ይገልጣል?»

የኔም አዲሱ ብሮሸር ላይ መልሱ ገጽ ዘጠኝ ላይ ነበር። ካለበት አላንቀሳቀስኩትም፤ ያማረ ሠንጠረዥ ብቻ ሠርቼለታለሁ።

ያን ቀን ማታ የድምፅ መልእክቱን እንደገና ከፈትኩ፤ አሁን ወረቀትና ብዕር ይዤ። ቃል በቃል ገለበጥኩት። ኃላፊዋ «ሎጎ» ያሉት ሁለት ጊዜ ነው። «ዘመናዊ» አንድ ጊዜ። «ይደውላሉ» ሰባት ጊዜ። «ይደውላሉ፣ ያንኑ ይጠይቃሉ፣ ደግሞ ይደውላሉ፣ ልጅቷ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻለችም…» ወደ ጽሑፍ ሲመጡ ይህ ሁሉ ተነነና «ዘመናዊ» የምትለዋ ቃል ብቻ ቀረች። ለዲዛይነር የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው ብለው ይመስለኛል። ሐኪም ፊት ቀርቦ የት እንዳመመው ሳይናገር የመድኃኒት ስም የሚጠራ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ የተጠራልኝን መድኃኒት በሚያምር ብልቃጥ የምሰጥ ሆኜ ነበር።

በመጨረሻ የሠራሁላቸው ሁለት ቦታ የሚታጠፍ አንድ ኤ4 ወረቀት ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ፊት ለፊት፣ ሳይገለጥ የሚነበቡ፤ የቀረው ዝርዝር ውስጥ። ኃላፊዋ አዩት፤ «ግን» አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ብሪፍ በእጄ እገለብጣለሁ። ኢሜይልም ይሁን የቴሌግራም መልእክት ወይም በስብሰባ ላይ የተወረወረ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይወርዳል። ቀጥሎ ሁለት ቀለም ብዕር አነሳለሁ። በእውነት የሆነ ነገር ሲሆን በቀይ አሰምርበታለሁ፤ «ሰዎች ገጻችንን ከፍተው ሳይመዘገቡ ይወጣሉ» ቀይ ነው። ደንበኛው ራሱ ያሰበው መፍትሔ ሲሆን በሰማያዊ፤ «የመመዝገቢያው ቁልፍ ብርቱካናማ ይሁን» ሰማያዊ ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ሰማያዊ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ ደንበኛ ከኔ የተሻለ መፍትሔ ያመጣል። ነገር ግን አጠገቡ ቀይ የሌለው ሰማያዊ ሁሉ ለኔ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን እንዴት እንደማቀርብ ለመማር ደግሞ ሌላ ጊዜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ «ለምን?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ፣ አምስት ጊዜ «ለምን» እያሉ ወደ ብልሽቱ ሥር የመውረድ ዘዴ እንዳለ አንብቤ እሱን በደንበኞቼ ላይ ሞከርኩት። ለማሽን ሁነኛ ዘዴ ነው። ሰው ግን ሁለተኛው «ለምን» ላይ ሲደርስ የተከሰሰ ይመስለዋል፤ ሦስተኛው ላይ መከራከር ይጀምራል። አንድ ደንበኛ «አረንጓዴ የፈለግኩት ስለፈለግኩ ነው!» ብሎ ስልኩን ዘግቶብኛል። አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ይሄ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ያስቸገራችሁ መቼ ነው? ምን ሆነ?» ሰው ለምን እንደፈለገ ማስረዳት ሊቸግረው ይችላል፤ የሆነበትን መተረክ ግን ማንም አያቅተውም። በትረካው ውስጥ ዲዛይኑን የሚያየው ሰው፣ የሚያየው የት ቆሞ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ሳልጠይቅ ይመጣልኛል።

ቅጽሎች ሌላ ጣጣ ናቸው። «ቀላል ይሁን» የሚለው ትእዛዝ በአንዲት ደንበኛ አፍ ጽሑፉ ይነስ ማለት ነበር፤ በሌላው ደግሞ በሁለት ቀለም ታትሞ ወጪው ይቅለል ማለት ሆኖ ተገኘ። «ደመቅ ይበል» የተባልኩ ጊዜ ቀለሙን እሳት አስመሰልኩት፤ ሴትዮዋ ለካ ፊደሉ ወፈር ይበልና ካለ መነጽር ይነበብ ማለታቸው ነው። «ከበድ ያለ» ሲባል ግርማ ያለው ማለት ሊሆን ይችላል፣ የተጨናነቀ ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጽል ስሰማ ቃሉን ወዲያው አልተረጉመውም። እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሦስት አራት ሥራዎችን አሳይና «ከነዚህ እርስዎ ደማቅ የሚሉት የቱን ነው?» እላለሁ። ከዚያም «ፈጽሞ እንዲህ እንዳይሆን የሚሉትስ?» እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠቅመኛል። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ ይንተባተባል፤ የሚጠላውን ሲጠየቅ ጣቱን ይቀስራል። «ዘመናዊ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ የሰለቸው ነገር ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የሚፈልገው ዘመናዊነት ብዙውን ጊዜ የዚያ ተቃራኒ ነው።

«ሎጎው ይተልቅ» የምትለዋ ትእዛዝ ዲዛይነሮች ስንገናኝ የምንስቅባት ነገር ናት። እኔም ስስቅ ኖሬአለሁ። ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርት ደንበኛ የማሸጊያውን ንድፍ አይቶ ይህንኑ ሲለኝ፣ የምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ስለ ሚዛንና ስለ ክፍት ቦታ የሚያወራ ትምህርት ዋጥ አደረግኩና «መጨረሻ ጊዜ ሎጎው አነሰ ያሉት መቼ ነው?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ዕቃው ለሽያጭ የሚቀርበው በኢንተርኔት ነው፤ ጠርሙሱ ስክሪኑ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ መጠን የኔ ሥራ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ነበር። ሰውየው ትክክል ነው። የተሳሳተው መፍትሔው ላይ ብቻ ነው፤ ሎጎውን እጥፍ ባደርገው እንኳ ዙሪያውን የከበቡት አምስት ማሳሰቢያዎች፣ ሁለት ቅጠሎችና አንድ የውኃ ጠብታ እያሉ ምንም አይታይም ነበር። እነሱን ወደ ጀርባ አዞርኳቸው፤ ከፊት ስሙና አንድ ቀለም ብቻ ቀረ። የሎጎውን መጠን አልነካሁትም። ንድፉን በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሁለት ሴንቲሜትር ውስጥ አስገብቼ ሳሳየው «አዎ፣ አሁን ተለቀ» አለኝ። አላረምኩትም።

ደንበኛ ብሪፍ ላይ የማይጽፋቸው፣ እንዲጽፋቸውም የማይጠበቁ ነገሮች አሉ። እነሱን መጠየቅ የኛ ሥራ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ልናገራቸው። ያ «14 ገጽ» የሚለው የመጀመሪያው ብሪፌ መሐሉ ላይ በሽቦ ለሚሰፋ ብሮሸር የማይቻል ቁጥር ነው፤ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን የገጹ ብዛት በ4 መካፈል አለበት፣ ወይ 12 ወይ 16። ይህን ያወቅኩት ከማተሚያ ቤት ተደውሎልኝ ነው፤ ደስ የሚል ስልክ አልነበረም። ሥራው የሚታተም ነው ወይስ በስክሪን የሚታይ? በስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ በአርጂቢ፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን የተሠራ ስለሆነ፣ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በማተሚያው አራት ቀለሞች ሲታተም ይደበዝዛል፤ ደንበኛው ይህን አስቀድሞ ካልሰማ ያጭበረበርሽው ይመስለዋል። የሚልኩልሽ ፎቶ ስንት ፒክስል ነው? በኢንች 300 ነጥብ ለሚፈልግ ሕትመት ወርዱ 1200 ፒክስል የሆነ ፎቶ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይሸፍናል፤ ሽፋን አይሆንም። ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ ለመቁረጫ በየጎኑ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ይተዋል። ነጭ ላይ ስስ ግራጫ ጽሑፍ ለድረ ገጽ ያዘዘ ሰው ካለ፣ ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል የሚመከረው ዝቅተኛ የብርሃን ንፅፅር 4.5 ለ 1 መሆኑን ንገሪው፤ ቁጥር ሲሰማ የጣዕም ክርክሩ ይበርዳል።

የማስረከቢያ ቀን ለብቻው ይነሳ። «ለ20 ይድረስ» ሲባል 20 ላይ የሚሆነው ምንድን ነው? ፋይሉ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ነው? ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት? ወይስ አለቃቸው አይተው የሚያጸድቁበት? በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አድሬአለሁ።

ይህ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት አንድ ገጽ ጽፌ ለደንበኛው እልካለሁ። ጓደኞቼ «የመልስ ብሪፍ» ይሉታል። የተረዳሁትን በራሴ ቃል፣ ቅጽል ሳልጠቀም ነው የምጽፈው። ለማሠልጠኛ ተቋሙ ያኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይል ነበር፦ «መመዝገብ የሚፈልጉ ሰዎች ሦስት ነገር ለማወቅ ይደውላሉ፤ በዚህም የእንግዳ መቀበያ ሥራ ይቆማል። ወረቀቱን የሚያገኙት ቆመው፣ በር ላይ ነው። አንብበው ሲጨርሱ መደወል ሳያስፈልጋቸው ወደ ምዝገባው ክፍል ይሄዳሉ።» ከሥሩ የማይነካ ነገር ካለ እሱን፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግ፣ የቀኑን ጉዳይ፣ እና የመጨረሻውን «እሺ» የሚለው ማን እንደሆነ እጽፋለሁ። ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ይሁን እንጂ «ማኔጅመንቱ» አይበል። ሁለት ወር አብሮኝ የሠራ ሰው ሁሉን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ በመጨረሻው ቀን ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው የቦርድ ሰብሳቢ መጥተው «ይህን ማን አዘዘ?» ያሉበት ሥራ ነበረኝ። ከዜሮ ጀመርን።

ገጹን ልኬ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» የሚል መልስ ሲመጣልኝ እፎይ እላለሁ። በዚያ ደረጃ አንድ ዓረፍተ ነገር ማረም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ሳምንት ነው። የሚያስፈራኝ «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» የሚል፣ ላኪው ሳያነብ የላከው መልስ ነው። እሱን ሳገኝ እደውልና ገጹን በስልክ አነብላቸዋለሁ። ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ።

ሥራው ሲቀርብም የምጀምረው ከዚያችው ገጽ ነው። እዚህ ላይ አሜሪካዊውን የሎጎ ዲዛይነር ፖል ራንድን ሳላነሳ ባልፍ ደስ ባለኝ፣ ምክንያቱም በሱ ስም የሠራሁት ሞኝነት አለ። ራንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ለስቲቭ ጆብስ የኮምፒውተር ኩባንያ ለኔክስት ሎጎ ሲሠራ ክፍያው 100,000 ዶላር ነበር፤ ጆብስ የተለያዩ አማራጮች እንዲያሳየው ሲጠይቀው ራንድ አንድ መፍትሔ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ጆብስ ሊጠቀምበትም ሊተወውም እንደሚችል ነገረው። ይህን ታሪክ የሰማሁ ሰሞን አንድ ደንበኛ ሁለተኛ አማራጭ ሲጠይቀኝ ኮራ ብዬ «እኔ አንድ ነው የማቀርበው» አልኩ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። የታሪኩን ሌላ ግማሽ ያነበብኩት በኋላ ነው፦ ራንድ ሎጎውን ያቀረበው ከስሙና ከፊደሎቹ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ውሳኔው የሚያደርስ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነው። ጆብስ ሎጎው ጋ ሲደርስ መንገዱን አብሮት ሄዷል። እኔ የወሰድኩት ኩራቱን ብቻ ነበር። አሁን ሁለት አማራጭ ብጠየቅ ሁለት አቀርባለሁ፤ ሁለቱም ግን ለዚያችው ገጽ መልስ ናቸው፣ የትኛው የቱን ጥያቄ የበለጠ እንደሚመልስም እናገራለሁ። «አልወደድኩትም» ሲባል ገጹን መሐላችን ላይ አስቀምጬ «ከነዚህ የቱን አልመለሰም?» እላለሁ። መልስ ካለ አስተካክላለሁ። ከሌለም አንዳንዴ ዝም ብሎ አለመውደድ አለ፤ እሱንም እቀበላለሁ፣ ከማስተካከያው ዙር ግን ይቆጠራል።

እስካሁን የጻፍኩት ብሪፍን ሁሉ መጠራጠር ያለብን ካስመሰለ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። ከሁሉም ውድ ስሕተቴ የመጣው ይህ ዘዴ ሲሳካልኝ፣ ራሴን ነገር ፈቺ አድርጌ ባየሁበት ወቅት ነው።

አንድ አከፋፋይ የማስረከቢያ ቅጹን እንዳሻሽል አዘዘኝ፤ በአንድ ጊዜ ተጽፎ ሦስት ኮፒ የሚያወጣ፣ ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ። ብሪፉ ላይ «ቀለሞቹ እንዳሉ ይቀጥሉ» የሚል ቃል ነበር። ሰማያዊ አሰመርኩበት። ሥራ አስኪያጁን «ለመጨረሻ ጊዜ ያስቸገራችሁ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቀው «አስቸግሮን አያውቅም፣ እንዲሁ የተለመደ ነው» አለኝ። የተለመደ የምትለዋን ቃል ስሰማ ደስ አለኝ። ከአዲሱ ሎጎ ጋር የሚሄድ ሦስት ዓይነት ግራጫ አቀረብኩለት፤ አሳመንኩት፤ ታተመ።

በሳምንቱ ተደወለልኝና መጋዘን ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን የያዙት ሽማግሌ ገና ከበሩ ስገባ «አንቺ ልጅ፣ ቢጫዬን የት አደረግሽው?» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ሦስት ሳጥን አለ። ነጩ ለሒሳብ ክፍል፣ ሮዙ ለሾፌሩ፣ ቢጫው ገና ተፈርሞ ያልተመለሰ። ኮሪደሩ ጨለም ያለ ነው፤ እሳቸው ከሩቅ ቢጫ ካዩ ያልተወራረደ ዕቃ እንዳለ ያውቃሉ። ሦስቱም ግራጫ ከሆነ ወዲህ የሳምንቱ ወረቀት በሙሉ ተደባልቆ ነበር።

አለማስቸገሩ ራሱ መልስ ነበር፤ ቀለሙ ሥራውን በደንብ ስለሚሠራ ነው ማንም ያላስተዋለው። በትልቁ ዓለምም ይህ ሆኗል። ትሮፒካና እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ የብርቱካን ጭማቂውን ማሸጊያ ሲቀይር ገለባ የተሰካበትን ብርቱካን አንስቶ በብርጭቆ ተካው፤ ሽያጩ 20 በመቶ ያህል ወረደ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ አሮጌው እንደሚመለስ አስታወቀ። ሸማቾች የለመዱትን ካርቶን መደርደሪያው ላይ ማግኘት አቅቷቸው ነበር። የነሱ ኪሳራ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ የኔ ደግሞ የአንድ ሕትመት ሙሉ ወጪ፣ ከኪሴ።

ከዚያ በኋላ «አይነካ» የሚል ነገር ብሪፍ ውስጥ ሳገኝ፣ የጻፈውን ሰው መጠየቅ ብቻ አይበቃኝም፤ በእጁ የሚጠቀምበትን ሰው ፈልጌ አገኛለሁ። ሽማግሌውን ያን ዕለት «ሌላስ የሚያስቸግርዎት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከቢጫው በላይ ሲያበሳጫቸው የኖረው የቅጹ ቁጥር ነበር፤ በግራ ጥግ ስለተቀመጠ ሁልጊዜ ስቴፕለር ይመታዋል። ለሥራ አስኪያጁ ነግረውት ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ማን ጠይቆኝ» አሉ። ቢጫውን መልሼ ሳሳትም ቁጥሩን ወደ ቀኝ ጥግ አዞርኩት።